ጋሼ ምስጋናው፣ አሜሪካኖቹና እንግሊዞቹ

በየከተማው ሳያወዳድር ውኃ የማይጎነጭ አንድ ሰው አይጠፋም። ሻይ ስትጋብዙት የትናንቱን ያነሣል፤ ሙሽራ ስታሳዩት እኅቷን ይጠይቃል፤ ለቅሶ ቤት ገብቶም ድንኳኑን ካለፈው ሳምንት ድንኳን ጋር ያስተያያል። የእንጅባራው ሊቀ ንጽጽር አከራዬ አቶ ምስጋናው ናቸው።

ጋሼ ምስጋናው ሠላሳ ዓመት ሙሉ መሬት ሲቀይሱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በሕይወታቸው ተሳስተው አያውቁም። አንድ ጊዜ እሳቸው የለኩት አጥር አንድ ሜትር ወደ መንገድ ወጥቶ ቢገኝ፣ "ልኩ ልክ ነው፤ የተንሸራተተው መሬቱ ነው" ብለው ዘግተውታል።

የሚቀየስ መሬት ሲያጡ ወደ ጠፈር ዞሩ። ቅዳሜ ከሰዓት የሳይንስ ልቦለድ ተከታታይ ድራማ በፍላሽ ይዤ ቤታቸው እገባለሁ። ቴሌቪዥኑ የሳቸው፣ እንግሊዝኛው የኔ። የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ፤ ቢያንስ ደመወዝ የምፈርመው በዚህ ስም ነው።

አንዱን ቅዳሜ የአሜሪካኖቹን እናያለን፤ ሦስት መቶ ሰው ጭና አዲስ ዓለም ፍለጋ የምትበር መርከብ ናት። በሚቀጥለው የእንግሊዞቹን፤ በአንድ ጭር ያለ ባቡር ጣቢያ የሚሠራ ዘበኛ፣ ገና ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚነሣ ባቡር ዛሬ ሲገባ ያያል።

"ልዩነቱን ልብ በል!" ይላሉ ጋሼ ምስጋናው ጣታቸውን ቀስረው። "አሜሪካኖቹ ዓለም ልትጠፋ ነው ሲባሉ ይሮጣሉ። እንግሊዞቹ ሻይ ይጥዳሉ። የአሜሪካኖቹ አለቃ ከሰማይ ወድቆ እንኳ ፀጉሩ አይበታተንም። የእንግሊዞቹ ዘበኛ ደግሞ ምንም ሳይደርስበት ገና ከጠዋቱ የተበታተነ ነው። እኔ የማምነው እሱን ነው።"

አንድ እሑድ ለሽርሽር ወሰድኳቸው። ዘንገና ሐይቅን ከዳር እስከ ዳር በዓይናቸው ለኩና፣ "ይሄ የእንግሊዞቹ ነው" አሉ። "ጭራቅ ቢኖረውም አይወጣም፤ እዚያው ውስጥ ሆኖ ያዝናል። የአሜሪካኖቹ ቢሆን ገና ሳንቀመጥ ወጥቶብን ነበር።"

የኔ ችግር የእንግሊዞቹ አነጋገር ነበር። አሜሪካኖቹ አፋቸውን ከፍተው ይናገራሉ፤ ደግሞም የሚሉት "ሩጡ" ካልሆነ "አትሩጡ" ነው። ዘበኛው ግን ቃሉን በጺሙ አጣርቶ፣ የተረፈውን በአፍንጫው ያወጣዋል። ከሥር የሚነበብ ጽሑፍም የለውም። ጋሼ ምስጋናው "ምን አለ?" ሲሉኝ "አልገባኝም" ማለት ለመምህር ሞት ነው። ስለዚህ ፈጠርኩ።

"ሚስቱ ሞታበታለች" አልኳቸው። "ባቡሩን የሚጠብቀው፣ ምናልባት ባንዱ መስኮት አያታለሁ ብሎ ነው።"

ጋሼ ምስጋናው ባለቤታቸውን ከቀበሩ አራት ዓመታቸው ነው። ይህ ትዝ ያለኝ ከተናገርኩ በኋላ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ ለረጅም ጊዜ ጠረጉ። ከዚያ ወዲያ መመለስ አልቻልኩም። ሦስት ወር ሙሉ ዋሸኋቸው።

በዚህ መሀል እንቁ የምትባል የዳንግላ ልጅ ወድጄ ነበር። አባቷ አቶ አበረ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው፤ እንደ እኔ ሳይሆን የእውነቱን። እንዲወዱኝ ብዬ በእንቁ እጅ ፍላሽ ላክሁላቸው። በላዩ ላይ ምን እንደነበር አልነግራችሁም፤ ገምታችኋል። ሽማግሌ የሚላክበት ቀን ሲደርስ ደግሞ ጋሼ ምስጋናውን ዋና ሽማግሌ አደረግኋቸው።

"ጋሼ፣ እባክዎ፣ ድራማ እንዳያነሡብኝ" ብዬ ለመንኩ።

"እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ?" ብለው ተቆጡ።

ዳንግላ ደርሰን እሳቸው ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር በጋሪ ወደ እንቁ ቤት ሄዱ። እኔ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ቀረሁ። ሰዓት እንኳ ሳይሞላ እንቁ ደወለች፤ ስሜን ጠርታ ታንሾካሹካለች።

"ይኸነው፣ ስለ አንተ ማውራት ትተዋል።"

"ታዲያ ስለ ምንድን ነው የሚያወሩት?"

"ስለ አሜሪካኖች።"

ስልኩን ወደ በሩ አስጠጋችልኝ። አቶ አበረ ስለ ፍላሹ እያመሰገኑ ነበር። "የእንግሊዞቹ ግን አሰልቺ ነው" አሉ። "የአሜሪካኖቹ ቢያንስ ታሪኩ ወደፊት ይሄዳል።"

ጋሼ ምስጋናው እስከዚህ ድረስ ችለው ነበር። "ሚስቱን የሚጠብቅ ሰው ወዴት ይሂድልዎ?" ሲሉ ሰማሁ።

"የምን ሚስት?" አሉ አቶ አበረ። "ዘበኛው ሚስት አግብቶ አያውቅም! ዘበኛ መስሎ የተቀመጠ ፖሊስ ነው። ለመሆኑ ይህን ማን ነው የተረጎመልዎ?"

ሻዬን ያዝኩ እንጂ አልጠጣሁም። ጋሼ ስሜን ቢጠሩ፣ የአቶ አበረን ልጅ የጠየቀው የእንግሊዝኛ መምህር እንግሊዝኛ አይሰማም ማለት ነው።

"መምህሩማ በትክክል ነግሮኝ ነበር" አሉ ጋሼ ምስጋናው ቀስ ብለው። "የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ጆሮዬም ደክሟል። ደግሞ ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ የሰማሁት ነገር ሁሉ ወደ እሷ ይሄድብኛል።"

አቶ አበረ ወዲያው፣ "ለእንግዶቹ ጠላ ይቅረብ" ሲሉ ሰማሁ። ሽማግሌዎቹ ሲነሡም በሁለት ሳምንት እንዲመለሱ ቀጠሮ ሰጧቸው፤ አቶ ምስጋናው እንዳይቀሩ አደራ ብለው።

በሚኒባሱ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እንጅባራ እስክንቃረብ ድረስ ጋሼ ምስጋናው የዳንግላን መንገድ እንኳ ከምንም ጋር አላወዳደሩም።

"ሁሉም ውሸት ነው?" አሉኝ በመጨረሻ።

"ግማሹ ነው ጋሼ።"

"የትኛው ግማሽ?"

"ሚስቱ" አልኩ። "ይቅር ይበሉኝ።"

ወደ መስኮቱ ዞሩ። "'ተሳስቻለሁ' ማለት እንዲህ እንደሚከብድ ባውቅ ኖሮ" አሉ፣ "ሌላ ሽማግሌ ፈልግ እልህ ነበር።"

ዛሬ እንቁ ባለቤቴ ናት። የራሳችንን ቤት ተከራይተን ከጋሼ የሚሰፋ ቴሌቪዥን ገዝተናል። ቅዳሜ ሲደርስ ግን ሁለታችንም ጋሼ ምስጋናው ዘንድ ነን፤ አንድ ቅዳሜ ከቀረሁ ሳምንቱ አያልቅልኝም። አሁን የምትተረጉመው እንቁ ናት። የአባቷ ልጅ ናትና አንዲት ቃል አትጥልም። "ፖሊሱ ስለ ሐዲዱ ሪፖርት እየጻፈ ነው" ትላለች። ጋሼ ምስጋናው በአክብሮት ያዳምጧታል፤ ያመሰግኗታል። ለአፍታ ወጣ ስትል ወንበራቸውን ወደ እኔ ይጎትታሉ።

"እሷ የሰማችውን ሰምተናል" ይሉኛል ዝቅ ባለ ድምፅ። "አንተስ ምን ሰማህ?"