ኢሜይል በካውያ አይሞቅም

(የልብስ ስፌት ቤት። አዛውንቱ ሰፊ ጋሼ የጋለ ካውያ ወደ ኮምፒውተሩ አስጠግተው በጭንቀት ቆመዋል። የእህታቸው ልጅ፣ ቤተሰቡ «ሊቁ» የሚለው ጎልማሳ፣ እየጮኸ ይገባል።)

ሊቁ፦ ጋሼ! ካውያውን ያርቁት!

ጋሼ፦ አሙቀው አላልከኝም?

ሊቁ፦ ኢሜይል ማሞቅ ማለት እኮ ዛሬ ለጥቂት ሰው፣ ነገ ጨመር አድርጎ መላክ ነው! ለደንበኛው ሁሉ ባንዴ ከበተኑት ይጠረጠራሉ።

ጋሼ፦ «ሱቃችን ወደ ፎቅ ተዛወረ» ብዬ ለደንበኛ በነገርኩ በምን ወንጀል?

ሊቁ፦ ላኪም ስም አለው። ስምዎ ከጎደፈ ጥቁር መዝገብ ይገባሉ።

ጋሼ፦ በስተርጅና! (ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ዘፍ ይላሉ) ትናንት የጻፍኩላት ደንበኛዬ፣ የሙሽራዋ እናትስ ለምን አልመለሰችልኝም?

ሊቁ፦ የእሷ ነጠረ።

ጋሼ፦ ምኗ?

ሊቁ፦ ኢሜይሉ! ነጥሮ ተመለሰ።

ጋሼ፦ ኳስ ነው እንዴ?

ሊቁ፦ አድራሻው ከነጭራሹ ከሌለ ጠንካራ ነጠራ ይባላል። ሳጥኗ ሞልቶ ከሆነ ለስላሳ።

ጋሼ፦ ልጇን እየዳረች ሳጥኗ ባይሞላ ነበር የሚገርመኝ!

ሊቁ፦ (ግንባሩን ይዞ) የሌሎቹ ደግሞ ስፓም ገብቷል።

ጋሼ፦ እሱ የት ሰፈር ነው?

ሊቁ፦ የቆሻሻ መልእክት ማጎሪያ ነው ጋሼ! ማጣሪያው አጭበርባሪ የመሰለውን ሁሉ እዚያ ይከተዋል።

ጋሼ፦ ንጹሕ ሰው በስህተት አይታሰርም?

ሊቁ፦ ላላዋቂ ይታሰርበታል። የእኔን ማጣሪያ ግን ራሴ ነኝ ያጠበቅኩት፤ ዝንብ አያሳልፍም!

ጋሼ፦ እስቲ እስረኞችህን አሳየኝ።

(ሊቁ እየሳቀ ይከፍታል። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ያነባሉ።)

ጋሼ፦ «ሎተሪ ደርሶሃል»... «ራሰ በራነት ቀረ»... ይቺ መምህርት፣ «አግቢኝ ብዬ ብጽፍላት ናቀችኝ» ብለህ እናትህን ያስለቀስክባት አይደለችም?

ሊቁ፦ (ሳቁ ቀጥ ይላል) ምን... ምን ትላለች?

ጋሼ፦ «እሺ።»

ሊቁ፦ እሺ ምን?

ጋሼ፦ ሊቁ አንተ፣ እኔን ትጠይቃለህ? ቀጥላ «እሺ ብዬህ ነበር፣ ደረሰህ?» ትላለች። ከዚያ «አንተ ሰው፣ ተጸጸትክ እንዴ?» የዛሬው ደግሞ «ካፈርክ ደውል» ይልና ስልኳን ጽፋለች።

ሊቁ፦ ወይኔ! ወይኔ ጋሼ! እርስዎ ይደውሉልኝ!

(ጨርቅ ክምር ላይ ይወድቃል። ጋሼ በደስታ ይደውላሉ።)

ጋሼ፦ ሄሎ፣ ልጄ? አጎቱ ነኝ። ኧረ አልተጸጸተም! አለ፣ እዚሁ ወድቋል። እስከ ዛሬ የት ነበር አልሽ? (ወደ ክምሩ አየት አድርገው) የትም አልሄደ፤ እኔን ኢሜይል ሲያስተምር ነው!