ኦቦ ጎበና ደህና ናቸው

ከጅብም ከትራፊክ ፖሊስም ያመለጠ ሰው አለ፤ ሥነ ልቦና ከምታጠና ጎረቤት ግን ያመለጠ የለም። ይህን የሚሉት ኦቦ ጎበና ናቸው፤ የቡራዩ ታክሲ ተራ አስከባሪ፣ ድምፃቸው ሆለታ ድረስ የሚሰማ። የእሳቸው ሰፈር ዕጣ ደግሞ ክብርት ሄመን ናት፤ የአእምሮ ጤና አማካሪ ልትሆን የምትማር።

ክብርትነቷ ሰላምታ እንኳ በሰላም አታሳልፍም። “አካም ጅርቱ?” ትላለች። “ፈያ፣ እግዜር ይመስገን” ይሏታል። በእኛ አገር ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል። እሷ ግን አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ “ደህና ሲሉ፣ ደህንነቱ የቱ ጋ ነው የሚሰማዎት?” ኧረ በስመ አብ! ዳቦ ሊገዛ የወጣ ሰው ይህን በምን ያውቃል? እትዬ አጸደ እሷን ሽሽት በጓሮ በር መውጣት ከጀመሩ ሰነበቱ። ባለሱቁ ዛኪር ገና ከሩቅ ሲያያት ባትሪ የጨረሰ ስልኩን ጆሮው ላይ ይለጥፋል።

ጉዱ፣ ለመመረቅ ሃያ ሰው ማዳመጥ ነበረባት። አሥራ ዘጠኙን በልመናም በዘመድም አገኘች። ሃያኛው እስከ ዓርብ ካልተገኘ ምርቃቱ ለከርሞ ነው። ሐሙስ ጠዋት ዓይኗ እንባ አቅርሮ ታክሲ ተራው መጣች፤ የኦቦ ጎበናን አንጀት በላችው።

“በይ እሺ፤ ግን የምለው የለኝም። እኔ ደህና ነኝ።”

ሄመን ቤት፤ ሁለት ወንበር፣ አንድ ሶፍት። “እንዴት ነዎት?” “ደህና።” ዝም አለች። ምክር ጠበቁ፤ አልመጣም። “አይዞዎት” ጠበቁ፤ እሱም ቀረ። ዝምታ የማያውቁት ሰው አላባቸው።

“ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል።” ዝም። “ደግሞ... ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ እራት የምበላው ቆሜ ነው።” ከየት እንደመጣባቸው አያውቁም።

“ቆመው?” አለች በቀስታ።

በቃ! የስንት ዓመት ነገር ሁሉ ተራ ሳይጠብቅ ተግተልትሎ ወጣ። አለቀሱ፣ ሳቁ፣ አማቻቸውን ረገሙ፣ ሶፍቱን ጨረሱ። ሰዓቱ አለቀ ሲባሉም “ገና አሁን መጀመሬ!” ብለው ተቆጡ።

ሄመን ሃያ ሞላላትና ተመረቀች። ኦቦ ጎበናም እንዴት እንደቀለላቸው ሆለታ ድረስ አሰሙ። በሳምንቱ ቅዳሜ ግን በሯ ላይ ጩኸት ቀሰቀሳት። “ተራ! ተራ ያዙ! እትዬ አጸደ፣ አይጋፉ እንጂ! ዛኪር፣ ስልክህን ዝጋ፤ እዚህ የተነገረ እዚህ ይቀራል!”

በሩን ከፈተች። “ኦቦ ጎበና፣ አካም ጅርቱ?”

ሰልፉን አንድ ጊዜ በኩራት ቃኙና ደረታቸውን ነፉ።

“ደህና አይደለሁም! ደግሞ የመጀመሪያው እኔ ነኝ!”