ለብ ያለ ሚሪንዳ

በእኛ ሰፈር የእርጉዝ ሆድ ገፋ ካለ በኋላ የባለቤቱ አይደለም፤ የሰፈሩ ነው። በየሰፈሩም አንድ ተቆጣጣሪ አይጠፋም። የእኛዋ ክብርት እትዬ ሁሪያ ናቸው። ከስልጤ መጥተው ሶዶ ላይ ሱቅ ከከፈቱ ጀምሮ ስኳርና ሳሙና ይሸጣሉ፣ በትርፍ ጊዜያቸው ብርድን ይዋጋሉ።

ብርድ ስል ዝም ብሎ ብርድ እንዳይመስላችሁ። እሳቸው እንደሚሉት በእግር ይገባና ማህፀን ውስጥ ቤት ሠርቶ ይቀመጣል።

ነሐሴ ነበር፣ የእርግዝናዬ የመጨረሻ ወር። ወገቤ የእኔ አልነበረም፤ የገዛ ጫማዬን ካየሁት ቆይቻለሁ። ባሌ ሶርሳ መምህር ነው፤ እንደ ጓደኞቹ ለክረምት ትምህርት ዲላ ሄዷል። እናቴ ከሞተች ቆየች። ዝናቡ ከዳሞታ ተራራ ወርዶ ቆርቆሮዬ ላይ ይውላል። ደክሞኝ ነበር፣ በቃ። ከድካሙ ይልቅ ግን ምጤ ሲመጣ ብቻዬን እንዳልሆን ፈራሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

እትዬ ሁሪያ ሳያንኳኩ ይገባሉ። መጀመሪያ የሚያዩት እግሬን ነው። ካልሲ ከሌለ፣ በር ከፍቼ ሌባ ያስገባሁ ይመስል፣ «ብርድ አስገባሽ» ይላሉ። መስኮቴን በጆንያ ደፈኑት። ደጃፌ ድንጋይ ላይ አረፍ ካልኩ ከሱቃቸው ሆነው በደንበኛ ፊት ይቆጡኛል። አንድ እሁድ በሁለት ሹራብና በጋቢ ጠቅልለው ቸርች ላኩኝ፤ በመዝሙሩ መሀል ላብ በላብ ሆንኩ። ወንጌላዊው መንፈስ የነካኝ መስሏቸው እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ።

ያስመረረኝ ግን ሚሪንዳው ነው። ቀዝቃዛ ሚሪንዳ አማረኝ። ሣጥኑ ከኋላቸው ተደርድሮ «ላንቺ የለም» አሉኝ። ስለምናቸው ጠርሙሱን ከከሰሉ አጠገብ አቁመው አሞቁና ሰጡኝ። ለብ ያለ ሚሪንዳ ቀምሳችሁ ታውቃላችሁ? አትቅመሱ። ቆመው እያዩኝ ጨረስኩት።

ምጡ የመጣው ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ሲወርድ ነው። ግድግዳ ይዤ ተጣራሁ። እትዬ ሁሪያ ሱቁን እንኳ ሳይዘጉ መጡ። መንገዳችን ጭቃ ስለሆነ ባጃጅ አይገባም፤ እስከ አስፋልቱ በእግር ነው። ሹራባቸውን አውልቀው አለበሱኝ፣ ጃንጥላውን ሆዴ ላይ ዘረጉት። ነጠላ ጫማቸው ጭቃው ውስጥ ቀረ። በስስ ቀሚስ፣ በባዶ እግር፣ ዝናቡ እየወረደባቸው ደግፈው ወሰዱኝ።

«ብርድ ይገባዎታል» አልኳቸው።

«ዝም ብለሽ ተራመጂ።»

ሆስፒታል ደርሼ ሴት ልጅ ወለድኩ። ሶርሳ በማግስቱ ደረሰ። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን እትዬ ሁሪያ ብቅ አላሉም። ጎረቤቶች ጉንፋን ጥሏቸዋል አሉኝ። አራስ ነኝና ልሄድ አልችልም፤ እንዳልወጣ አስቀድመው የከለከሉኝም ራሳቸው ናቸው። ያን ቀን ሙሉ ያለ ካልሲ ዋልኩ፤ የተቆጣኝ ሰው የለም። ሆድ ባሰኝ።

ሶርሳን ሚሪንዳ ከሰል ላይ አሙቅ ስለው ያበድኩ መሰለው። ይዞ ሲሄድ መልእክቴን አስጠናሁት፤ «እትዬ ሁሪያ፣ ብርድ አስገቡ።»

ጠርሙሱ ባዶውን ተመለሰ። አንገቱ ላይ ካልሲ ታስሮበታል፤ የእግሬ አውራ ጣት እንኳ የማይገባበት ካልሲ።