ቀባሪ ያጣችው የጣልያን ልጅ

የሚወደውን ነገር ለጎረቤት ማስረዳት ያለበት ሰው ያሳዝነኛል። ኳስ ብትወዱ ማንም አይጠይቃችሁም። ጫት ብትወዱ እዚህ ጭሮ ከተማችን ውስጥ ጓደኛ ሞልቷል። እኔ የምወደው ግን አንድ ያረጀ የጣልያን ፊልም ነው፤ ቆንጆ ቆንጆ ሴቶች በረጅም ኮሪደር ይሮጣሉ፣ ጥቁር ጓንት ያደረገ ሰው ይከተላቸዋል፣ ከዚያ ደም ነው። ደሙ እንደ ቲማቲም ድልህ ይቀላል። እንዴት ያምራል መሰላችሁ! አብሮኝ የሚያይ ሰው ፍለጋ እስከ በደሳ ከተማ ድረስ ሄጃለሁ፤ አልተገኘም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ድምፁን ከፍ አድርጌ የምወደው ቦታ ላይ ደረስኩ። ልጅቷ ደረጃው ላይ ተይዛ የምትጮኸው ጩኸት አለ፤ ማለቂያ የለውም። የቤቴ ግድግዳ ደግሞ ጭቃ ነው። የኛ ሰፈር እሪታ ሲሰማ «ማን ሞተ?» አይልም፤ መጀመሪያ ያለቅሳል፣ በኋላ ይጠይቃል። አከራዬ እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ «ያ ረቢ!» እያሉ፣ ግማሹ ሰፈር ደረቱን እየደቃ ገባ። ውጭ የእድሩ ድንኳን እየተተከለ ነው።

«ሟቹ ማነው?» አሉ እትዬ አስካለ፣ በደንብ ካለቀሱ በኋላ።

«የጣልያን ልጅ ናት» አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

ቴሌቪዥኑን አዩ፤ እኔን አዩ። ሰው በከንቱ ማስለቀስ ቀላል ነውር አይደለም።

«ወይ ሬሳ አምጣ፣ ወይ ቤቴን ልቀቅ!»

ደነገጥኩ። እንዲህ ጥላ ያለው ግቢ ከየት ይገኛል? «እባክዎ እትዬ፣ ቁጭ ብለው ይዩልኝና ከዚያ ያባርሩኝ» ብዬ ለመንኩ።

ሁለቱ ሴቶች ተቀመጡ። ልጅቷ እንደገና ሞተች። ገዳዩ ወደ ሌላዋ ሄደ፣ ፖሊሱ ሲጋራውን ለኮሰ፣ ሙዚቃው ቀጠለ። ፊልሙ አለቀ።

«ቀብሯስ?» አሉ እትዬ አስካለ።

«የለም።»

«እናት የላትም?»

«አልታየችም።»

«ሚስኪን!» አሉ አዴ ፋጡማ። «ጣልያንም ብትሆን የሰው ልጅ ናት። እንዲሁ ጥለዋት ሄዱ?»

ያን ሁሉ ጊዜ ልጅቷን የምወዳት ይመስለኝ ነበር፤ የት እንደተቀበረች ግን ጠይቄ አላውቅም። ከፋኝ።

ቤቱን አልለቀቅኩም። እትዬ አስካለ ፊልሙን የሸጠልኝ ሰው ቀብሩን ቆርጦ እንዳስቀረው ወስነዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱም ይመጣሉ፤ ልጅቷ ስትጮህ አንዳቸው ነጠላቸውን ያዘቀዝቃሉ፣ ሌላኛቸው ዱዓ ያደርጋሉ። ይኸው፣ አብሮኝ የሚያይ ሰው አገኘሁ።

የእድሩ ድንኳን ግን እስካሁን ከግቢያችን አልተነሳም። የእድሩ ሰዎች ሊወስዱት በመጡ ቁጥር የእትዬ አስካለ መልስ አንድ ነው፤

«ገና አልተቀበረችማ!»