ማለዳ የተፈታ ቃል

ልብ ወለድ ስታነቡ የማታውቁት ቃል ሲገጥማችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ብዙ ሰው «ከዐውዱ ይገባኛል» ይልና ሰላሙን ጠብቆ ያልፋል። እኔ አልታደልኩም። ያልገባኝ ቃል ሩዝ ስበላ ጥርሴ ሥር እንደገባች ጠጠር ነው፤ እሷን ሳላወጣ አልውጥም። ወረታ ላይ ደግሞ ሩዙም ጠጠሩም ሞልቷል።

ለጎረቤቴ ለእማማ ሙሉ፣ ዓይናቸው ስለደከመ፣ ከሰዓት ከሰዓት ልብ ወለድ አነብላቸዋለሁ። ልጃቸው ደሴ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ፣ የፎገራ ሩዝ ታጭዶ እስኪያልቅ አልተመለሰም፤ ስልኩም ዝግ ነው። ባለፈው እንዲህ የሚል ቦታ ደረስን፦ «መንገደኛው በቀትር ደርሶ፣ ልጅሽ በሰው አገር ማሰነ፣ አላት።» ምዕራፉ እዚያው አለቀ። አያናድድም?

«ማሰነ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ እማማ። ሞተ ሳይሆን አይቀርም።» ምላሴን ይቁረጠው!

ፊታቸው ጠቆረ። ትንሽ አሰቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ኧረ አልሞተም! መርዶ በቀትር ይነገራል እንዴ? ሞቶስ ቢሆን፣ ሰው ተጠራርቶ ጎህ ሲቀድ ነበር የሚነግሯት።»

እሳቸው በዚህ ተጽናንተው ገቡ፤ ዕረፍት ያጣሁት እኔ ነኝ። ቀጣዩን ምዕራፍ ባገላብጥ ስለ ሌላ ሰው ሠርግ ያወራል። ኢንተርኔቱ እንደ ልማዱ የለም። ስገላበጥ አድሬ፣ አማርኛ የሚያስተምረውን ወዳጄን ኪዳን አድርሶ ሲወጣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ያዝኩት።

«ለፋ፣ ተንከራተተ ማለት ነው» አለኝ።

አልሞተማ! ደስታዬ ከአቅሜ በላይ ሆነና «ና፣ አንተው ንገራቸው» ብዬ እየጎተትኩ ወሰድኩት። ነጠላችንን እንደለበስን፣ ገና ወፍ ሲንጫጫ፣ የእማማን በር አንኳኳን።

ከፈቱ። አዩን። ገና አፋችንን ሳንከፍት ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጭነው «ወይኔ ደሴ! ወይኔ ልጄን!» ብለው ጮኹ። ሰፈሩ እያለቀሰ ከየቤቱ ወጣ።

«አልሞተም እማማ! ኧረ አልሞተም! ተንከራተተ ማለት ነው!» እኔም እጮኻለሁ።

ቀና ብለው አዩኝ። «ማነው ያልሞተው?»

«የመጽሐፉ ልጅ።»

ለቅሶው ቀጥ አለ። ጎረቤት ሁሉ እኔን ያያል።

«የኔስ?» አሉኝ።

መምህሩ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ስልኬን አውጥቼ ደሴ ጋ ደወልኩ፤ ዛሬም ዝግ ነው።