አባባ በየዲስኩ

በጣም ከመጠንቀቃችን የተነሣ የጠፋብን ዕቃ ስንት ይሆን? ጠቃሚ ነገር እጃችን ሲገባ «ይሄንንስ ደህና ቦታ ነው የማስቀምጠው» እንላለን። ከዚያ በኋላ ደህናው ቦታ ራሱ የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። እንዲሁ መስኮት ላይ የጣልነው ግን ዓመቱን ሙሉ ዓይናችን ሥር ተጋድሞ ይውላል። መቼም እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ደህና ቦታ አይጠፋም። በእኛ ቤተሰብ ደህና ቦታ ፈላጊው ተመስገን ነው።

ተመስገን የባለቤቴ የማርታ ወንድም ነው፤ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ኮምፒውተር እምቢ ሲል ሰው ሁሉ የሚደውልለት። አባታቸውን እኛ አማቾቹም ሳንቀር አባባ ነው የምንላቸው። አባባ ጨዋታ ያውቁበታል። ቤንችኛውን ከአማርኛው እያቀላቀሉ ስለ ድሮው ጫካና ስለ ጎረምሳነታቸው ማውራት ከጀመሩ፣ ለሌላ ጉዳይ የመጣ እንግዳ ጉዳዩን ረስቶ ይመለሳል። ተመስገን ይህ ሁሉ እንዳይጠፋ ብሎ ስንት ዓመት በካሜራ ቀረጻቸው። በመጨረሻ ኮምፒውተሩ በአባባ ሞልቶ ማቃሰት ጀመረ።

«ዲስክ ላይ እገለብጣቸዋለሁ» አለ።

ፍላሽ ላይማ አይሆንም፤ ቫይረስ ይበላቸዋል። ግን አባባ አንድ ዲስክ መች ይበቃቸዋል! ዲስኩ ክምር ሆነ። ተመስገን ክምሩን ከፋፍሎ በየቤቱ አደለ። የአባባ ልጅነት ሚዛን እኛ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ገባ። ጎረምሳነታቸውና ጋብቻቸው ቴፒ እህቱ አስቴር ዘንድ ሄደ። እርጅናቸው ደግሞ ማሻ የሚነግደው የነማርታ ታናሽ ወንድም ብርሃኑ ጋ ተቀመጠ። «አንዱ ቤት እሳት ቢነሣ እንኳ ሁሉም አይቃጠልም» ሲለን እንዴት እንደኮራን! አንዱ ቤት ያለው ሌላው ቤት እንደሌለ ልብ ያለ ሰው አልነበረም። አባባን አባዝተን ያስቀመጥን መስሎን በታትነናቸው ቁጭ አልን።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ያ የእኛ አገር ዝናብ ከነመብረቁ መጣና የተመስገንን ኮምፒውተር ድርግም አደረገው። እሱ ግን ቅንድቡም አልተነቃነቀ። «ዲስኮቹ አሉ አይደል?» አለ። ለፋሲካ ሁላችንም አባባ ቤት ስንሰበሰብ ዲስኮቹ እንዲመጡ፣ ቀኑን ሙሉም እንድናይ ተወሰነ።

በበዓሉ ቀን የእኛ ከቁም ሳጥን ወጡ። ብርሃኑ ሥራ አልለቅ ብሎት ቢቀርም የእሱን በሹፌር ላከ። ከቴፒ አስቴርና ባለቤቷ ዳዊት መጡ። ዳዊት ጥቁር ፌስታል ይዟል፤ ፌስታሉን ግን እንደ ታመመ ልጅ ታቅፎታል።

ተመስገን ከፍቶ አየ። ዲስኮቹ ፀሐይ ልጧቸዋል፣ ጭቃ ጠጥተዋል፣ እያንዳንዳቸው ቀዳዳ ላይ የሲባጎ ቁራጭ ታስሯል።

«ምን ነካቸው?»

«በቆሎው እሸት ሲይዝ ጦጣ አላስቀምጥ አለኝ» አለ ዳዊት መሬት መሬት እያየ። «የሚያብረቀርቅ ነገር ትፈራለች አሉኝ። እኔ ያረጀ ፊልም ነው ብዬ… ደግሞ ቀዳዳውም ለመንጠልጠያ የተሠራ ነው የሚመስለው።»

«አባቴን በቆሎ ውስጥ ሰቀልኸው?» አለች አስቴር። ለካ እሷም ገና መስማቷ ነው።

«ጦጣዋ እኮ ዝር አላለችም» አለ ዳዊት። መጽናኛ መሆኑ ነው።

አንድ በአንድ አስገባናቸው። ማጫወቻው እየጎረሰ ይተፋቸዋል። ማርታ አለቀሰች። አባባ በሕይወት ቢኖሩም መርሳት ጀምረዋል። ትናንት የነገሩንን ዛሬ ስንጠይቃቸው ፈገግ ብለው ዝም የሚሉበት ቀን እየበዛ ነው። ዲስኩ ላይ ያሉትን አባባ ከእንግዲህ ከየት እናመጣቸዋለን?

«የጠፋው የቱ ነው?» አሉ አማቴ እማማ ከጥጉ።

«የጋብቻችሁ ነው፣ እማማ። አባባ ወንዙን እንዴት እንደተሻገሩ፣ አንቺ አይተሽ እንዴት እንደወደድሻቸው…» አለች ማርታ።

«እሰይ!» አሉ እማማ።

ሁላችንም ዞረን አየናቸው።

«ውሸት ነዋ! አልተሻገረም። ወንዙ ወሰደው። ጎትቶ ያወጣው የእኔ ወንድም ነው። እየተንቀጠቀጠ ቤታችን ሲገባ አባቴ ጋቢውን አለበሰው። ከዚያ በየሳምንቱ እየመጣ ‹ጋቢው አልደረቀም› ይላል። ክረምቱን ሙሉ! ‹አልደረቀም› ለማለት ይመጣል፣ በልቶ ጠጥቶ ይሄዳል። በኋላ አባቴ ‹ይሄ ልጅ የሚመጣው ለጋቢው አይደለም፣ ጠይቁት› አለ።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ማርታ እንባዋን ሳትጠርግ ትስቃለች። በዚያ ሁሉ ዓመት፣ በዚያ ሁሉ ቀረጻ፣ እማማን አንድ ቀን «እርስዎስ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ተመስገን ስልኩን አወጣና «እማማ፣ እስቲ ከመጀመሪያው» አላቸው። ከመጀመሪያው ነገሩን። ሲጨርሱም ገና መጀመራቸው ነበር፤ ልጅነታቸውን ሁሉ ሲያወጉን ዋሉ።

አባባ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ይህቺን ግን አልረሷትም መሰለኝ፣ ከንፈራቸው ይስቃል። ተመስገንን ጠሩት።

«ይሄንንም በየቤቱ ልታድለው ነው?»

«አሁንማ ሁሉንም ለሁሉም ነው፣ አባባ። ተምሬያለሁ።»

«የለም» አሉ አባባ። «ይሄኛው አንድ ቦታ ይበቃዋል።»

ተመስገን ግን የጋቢውን ጨዋታ ቀድሞ ለሁሉም ልኮት ነበር። ወዲያው ስልኩ ጮኸ፤ ከማሻ ብርሃኑ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ አባባ ጆሮ ሥር ያዘላቸው።

«አባባ» አለ ብርሃኑ፣ «ኧረ ለመሆኑ ጋቢው ደረቀ?»