የተራራው አዋቂ

ተራራ ሥር የሚኖር ሰው ተራራውን ለእንግዳ ያሳያል እንጂ ራሱ አይወጣውም። እናንተስ? ከደጃፋችሁ የሚታየውን ጋራ መቼ ወጣችሁት? «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ብላችሁ ብታመካኙ ይገባኛል። የእኔ ማመካኛ ግን አጭር ነው። ዳገት አልወድም።

በሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፣ ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። በስደት መጥቼ ዋልዳ መጠለያ ካረፍኩ በኋላ እዚሁ የቀረሁ ሰው ነኝ። አንድ ቀን ሽሮውን የሚበላ መንገደኛ ከከተማው ወዲያ ያለውን ተራራ እያየ፣ «እላይ ምን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ይህን ያህል ዘመን ኖሬ «አላውቅም» ማለት አሳፈረኝ። «ምንጭ አለ» አልኩት። ለሚቀጥለው እንግዳ ምንጩ ዳር አጋዘን አቆምኩለት። ለሦስተኛው የቦረና ሽማግሌዎች የሚመርቁበት ትልቅ ዛፍ ተከልኩ። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ እኔ ግን ደጋግሜ ሳወራው የምር ናፈቀኝ። ውሎ አድሮ ሰፈሩ «የተራራው አዋቂ» ይለኝ ጀመር።

ልጄ ትርሲት ይህን እየሰማች አደገች። ናይሮቢ የአስጎብኚነት ሙያ ተምራ ስትመለስ አንድ ድርጅት ለሙከራ አራት የናይሮቢ እንግዶች ሰጣት። ተራራውን፣ አራዊቱንና የአገሬውን ባህል ደህና አድርጋ ካሳየች ሥራው የእሷ ነው፤ ካልሆነ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

«አባዬ፣ አንተ ትመራናለህ» አለችኝ።

እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ዓይኗን አየሁና መልሼ ዘጋሁት።

በማለዳ በሞተር ሳይክሎች እስከ ተራራው ሥር ሄድን፣ ከዚያ በእግር ተያያዝነው። መንገዱ አንድ ብቻ እስከነበረ ድረስ አዋቂ ነበርኩ። ጦጣ ሲታይ «እዚህ ጋ አይጠፉም» እላለሁ፤ የማላውቀው ወፍ ሲጮህ እንደ ቆየ ወዳጅ ራሴን እነቀንቅለታለሁ። ደኑ ውስጥ ስንገባ ግን መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። እንግዶቹ ቆሙ።

«ምዜ፣ በየት በኩል ነው?»

ምዜ በስዋሂሊ የተከበረ ሽማግሌ ማለት ነው። የልጄ እንጀራ በእኔ ምላስ ተንጠልጥሎ ቀረ።

እግዜር ሲረዳ፣ አንድ የቦረና አዛውንት ከብት እየነዱ ከላይ ወረዱ። የቦረና ሰላምታ ጥድፊያ አያውቅም። ሰዉ ሰላም ነው? ከብቱስ? ሣሩስ? ዝናቡስ? ከየት መጣህ፣ መንገድ ላይስ ምን አየህ? ምግብ ቤቴ ውስጥ ይህን ሰላምታ ስንቴ በአጭሩ ቀጭቼዋለሁ! ያን ቀን ግን አስረዘምኩት። ሰዉን ጠየቅሁ፣ ላሞቹን ጠየቅሁ፣ ጥጃ እንኳ አላስቀረሁም። በመጨረሻ ድምፄን ዝቅ አድርጌ በኦሮምኛ፣ «ለመሆኑ ኦቦ፣ ወደ ጫፉ የሚያወጣው የትኛው ነው?» አልኳቸው።

እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም። «በግራ ነው! በቀኝ ገደል ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ሞያሌ ኖረህ ወጥተኸው አታውቅም?»

እንግዶቹ ኦሮምኛ አይሰሙም። ሞያሌ ተወልዳ ያደገችው ትርሲት ግን ከእኔ ይልቅ ትሰማለች። ዞሬ ላያት ፈራሁ።

«ምን እየተባባሉ ነው?» አላት አንዱ እንግዳ።

«እዚህ አገር ሽማግሌዎች ሲገናኙ የተራራውንም ደህንነት ይጠያየቃሉ» አለች ፊቷ ሳይፈታ። «ባህል ነው።»

እንግዶቹ ደስ ብሏቸው ፎቶ ማንሳት ጀመሩ።

በግራ በኩል ስንወጣ ወደ ኋላ ቀርቼ፣ «ልጄ፣ ይቅር በይኝ። ወጥቼው አላውቅም» አልኳት።

«ቀስ በል አባዬ፣ ይነቁብናል» አለችኝ። «እኔ ደግሞ ለድርጅቱ ከአባቴ ጋር አሥር ጊዜ ወጥቼዋለሁ ብያለሁ።»

ጫፉ ላይ ስንደርስ ከተማዋ በሙሉ ከታች ተዘረጋች። የምግብ ቤቴን ቆርቆሮ ፈልጌ አገኘሁት። ይህን ሁሉ ዘመን የኖርኩበትን አገር ያን ቀን ገና አየሁት፣ እንባዬም መጣ። ትርሲት እጄን ይዛ አፏን ከፍታ ቀርታለች።

እንግዶቹ ለድርጅቱ የጻፉትን ነግራኛለች። «አባትና ልጅ ተራራቸውን ከመውደዳቸው የተነሣ፣ ሲያዩት ገና ዛሬ ያዩት ይመስላሉ።»

ሥራውን አገኘች።